ስልሳ ኩንታል ኑግ

ኅዳር 7 ቀን 1961፣ ቅዳሜ

ዛሬ ነጋዴ ሆንኩ። ስልሳ ኩንታል ኑግ፣ ኩንታሉን በሃያ ስምንት ብር ገዛን። ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የሸሪኬ የሞቱማ። ጉደር በሞቱማ መጋዘን ተቀምጧል። ከረጢቱን ሁሉ በእጄ ስዳስስ ስለዋልኩ ጣቶቼ አሁንም ኑግ ኑግ ይሸታሉ።

ይህን ደብተር የገዛሁት በኦቦ ፈይሳ ምክር ነው። ኦቦ ፈይሳ በከተማችን በሀገረ ሕይወት የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ በየማለዳው እኔ የምሠራበት ስልክ ቤት መጥተው አዲስ አበባ ይደውላሉ። ባለፈው ሳምንት መስኮቱ አጠገብ ቆመው መስመር ሲጠብቁ ቀስ ብዬ ልነግድ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። "የገዛሽ ዕለት ለምን እንደገዛሽ ጻፊ። ካልጻፍሽው ኋላ ሌላ ምክንያት ትፈጥሪለታለሽ" አሉኝ።

እሺ፣ ለምን ገዛሁ?

ስልከኛ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው። የነቀምቴም የባኮም ጥሪ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነው። መስመሩ መገናኘቱን ለማወቅ ጥቂት ማዳመጥ ሥራዬ ነው። ጥቂት። ታዲያ ጥቅምትን ሙሉ ይገዙ የሚባል የአዲስ አበባ ደላላ ለነቀምቴ ነጋዴዎች ሲናገር ሰማሁ፤ "ኑጋችሁን እንዳትሸጡ፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሠላሳ አምስት ብር ይደርሳል" ይላል። አንድ ቀን አይደለም፣ አምስት ስድስት ቀን ሰምቼዋለሁ። ደግሞም ጾም ሲገባ ዘይት እንደሚፈለግ ማንም ያውቃል። ምክንያቴ ይኸው ነው።

ያወጣሁት ስምንት መቶ አርባ ብር የአራት ዓመት ቁጠባዬ ነው። ለእህቴ ለአመለሸጋ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስና አዲስ አበባ ነርስነት ልትማር ትሄዳለች። አልነገርኳትም። ትርፉን ይዤ ልነግራት ነው።

ሞቱማ ወረቀት አጻፈኝ። "ዋጋው ሃያ አምስት ከገባ ሁሉንም እንሸጣለን፤ ክርክር የለም" ይላል።

"አይወርድም" አልኩት።

"ካልወረደ ወረቀቱ ምን ይጎዳናል?"

ፈረምን። እሱ ጉደር ስለሆነ ዋጋውን የሚያውቀው በእኔ በኩል ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ወደ ከተማ ሲመጣ እነግረዋለሁ። የምንከታተለው የአዲስ አበባ መኪና እዚህ ድረስ መጥቶ የሚጭንበትን ዋጋ ነው። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ የሚሰፋለት ያለ አይመስለኝም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሃያ ስምንት ከሃምሳ። በምሳ ሰዓት ነው የምጽፈው። ለሞቱማ በመስኮቱ ነገርኩት፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሃያ ዘጠኝ ከሃምሳ። ሦስት ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት። አንድ ደዋይ "ወይዘሪት፣ ምን አግኝተሽ ነው ድምፅሽ እንዲህ የሚስቀው?" አለኝ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሞቱማ ግማሹን እንሽጥ አለ። ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ትርፍ ነው አለኝ። ሠላሳ አምስት የሚገባውን ነገር በሃያ ዘጠኝ ከሃምሳ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል? እንዲያ ብዬ አልመለስኩለትም፤ "ትንሽ እንጠብቅ" ብቻ ነው ያልኩት። "አንቺ ነሽ የምትሰሚው" አለና ተወው።

አንቺ ነሽ የምትሰሚው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ሃያ ሰባት። የጎጃም ኑግ በብዛት ገባ ይላሉ። ያልፋል።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ሃያ ስድስት። ትናንት ለሞቱማ ሃያ ስድስት ከሃምሳ ብዬው ነበር፣ ትናንት ልክ ነበር። ዛሬ ይገዙን ጠበቅሁት፣ አልደወለም። አመለሸጋ እራት ላይ "ምን ሆነሽ ነው ወጡን ሳታጠቅሺ የምትጎርሺው?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ነጋዴ "ሃያ አምስት" ሲል ሰማሁ። መስመሩ ይንጫጫ ነበር። ሃያ አምስት ከሃምሳ ብሎም ሊሆን ይችላል። ሃያ አምስት ከሃምሳ ደግሞ ለሃያ ስድስት የቀረበ ነው።

ሞቱማ በአምስት ሰዓት መጣ።

"ስንት ሆነ?"

"ሃያ ስድስት።"

"እንደቆመ ነው?"

"እንደቆመ ነው" አልኩት።

መስመሩ በእርግጥ ይንጫጫ ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ዛሬ መስመሩ ጥሩ ነው። ሃያ አምስት።

ወረቀቱ የተጻፈው ገበያውን ሳናውቅ ነው። ሃያ አምስት ለምን ተባለ? ሃያ አራት ለምን አልተባለም? ቁጥሩን ያወጣነው ሁለት ሰዎች ከረጢት ላይ ተቀምጠን ነው። ሁዳዴ የሚገባው የካቲት ውስጥ ነው፤ ገና ነው። አሁን ብነግረው ነገ ይሸጣል፣ ከነገ ወዲያ ዋጋው ይነሣል፣ ከዚያ እኔን ነው የሚወቅሰኝ። ዝም ያልኩት ለእሱም ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ ጀምሮ ተቀምጬ የዓርቡን ነገር እያሰብኩ ነው።

ዓርብ ኦቦ ፈይሳ እንደ ወትሮው ማልደው መጡ። አዲስ አበባን አገናኘኋቸው። ማዳመጫዬ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሁለት መቶ ኩንታል ኑግ በሃያ አራት ከሃምሳ ሸጡ። በስንት እንደገዙት አውቃለሁ፤ በሃያ ሰባት ነው። አምስት መቶ ብር ከሰሩ ማለት ነው። ድምፃቸው ግን ሰላምታ ሲሰጡ ከሚያሰሙት ድምፅ አይለይም።

ሂሳባቸውን ሊከፍሉ ወደ መስኮቱ ሲመጡ አላስቻለኝም። "ኦቦ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ለምን ሸጡ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የሸጡትን እንዴት እንዳወቅሁ ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር፣ አልጠየቁኝም።

"ተሳስቼ ነበር" አሉኝ።

"ቢነሣስ?"

"ይነሣ። ሲነሣ ሌላ ነጋዴ ያተርፋል። እኔ ስገዛ ዘንድሮ ኑግ ያንሳል ብዬ ነበር። አላነሰም። አላነሰም ካልኩ በኋላ መጋዘኔ ውስጥ ምን ይሠራል?" ሳንቲሙን መስኮቱ ላይ ደረደሩና "አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ? እህትሽ ደኅና ናት?" ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

እሳቸው ሀብታም ስለሆኑ ይችሉታል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ይህን ደብተር ገልጬ የኅዳር ሰባቱን አነበብኩ። ሁለት ምክንያት ጽፌያለሁ፤ ይገዙ እንዲህ አለ፣ ጾም ይገባል። ይገዙ ያለው አልሆነም። አሁን የያዝኩት በጾሙ ነው። ጾሙ ባይሆን ደግሞ በምን እይዝ እንደነበር እንጃ።

ትናንት ለሞቱማ ሃያ ስድስት ከሃምሳ አልኩት። ወደ ሃያ ሰባት እየሄደ ነው አልኩት። ይህን ማለት አያስፈልገኝም ነበር።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ትናንት ገና ነበር። ሞቱማ በአውቶቡስ መጥቶ ማር ይዞልን ገባ። አመለሸጋ ሰውየውን አይታው ስለማታውቅ ከእግር እስከ ራሱ መዘነችው። ቤታችን ሲቀመጥ ወንበሩ የጠበበው ይመስላል። ሹራቡ ተሰፍቶ አየሁ፤ ራሱ እንደሰፋው ያስታውቃል፣ ክሩ ሌላ ቀለም ነው።

ዳቦ እየቆረስኩ ሳለ እንዲህ አለ። "ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ቀን አንድ የጊንጪ ዘይት ጨማቂ መጋዘን መጥቶ ነበር። ሁሉንም በሃያ አምስት ልጫን አለኝ። ሃያ ስድስት ቆሟል ብለሽኝ ስለነበር መለስኩት።" እያወራ ማሩን ወደ አመለሸጋ አስጠጋላት።

"ጥሩ አደረግህ" አልኩት።

ትናንት በእጄ ላይ የነበረው ቢላዋ ለምን እንዳልወደቀ አላውቅም። ዋጋው ሃያ ሦስት ከሃምሳ ነው።

ጥር 2፣ ዓርብ

ሃያ ሦስት። አልጽፍም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ይገዙ ባኮ ካለ ጓደኛው ጋር አወራ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

ባኮ፤ "አንተማ ይዛችሁ ቆዩ ስትል ነበር። አንተስ ስንት ያዝክ?"

ይገዙ፤ "እኔ? የእኔን ጥቅምት ላይ ጨርሻለሁ። እነሱ ባይይዙት እኔ በዚያ ዋጋ ለማን እሸጠው ነበር?"

ተሳሳቁ።

ማዳመጫውን አወረድኩት። ሦስት ሰው መስመር እየጠበቀ ቆሟል፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የሰው ጨዋታ ሰርቄ የሰማሁት ውሸት ኖሯል። ይባስ ብሎ እኔም ያንኑ ውሸት ዓይን ዓይኑን እያየሁ ለሞቱማ ስነግረው ከርሜያለሁ። ይገዙ እንኳ የማያውቃቸውን ሰዎች ነው የዋሸው።

ሞቱማ ከሰዓት መጣ። "ስንት ሆነ?" ሲለኝ "ሃያ አምስት ከሃምሳ" አልኩት። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ።

ሃያ ሁለት ነው።

ጥር 9፣ ዓርብ

ኑግ ሃያ አንድ ከሃምሳ ሲባል እየሰማሁ ነበር፤ አለቃችን አቶ ከበበው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። "ወይዘሪት ሸዋገነት፣ መስመሩ ከተገናኘ ስድስት ደቂቃ ሆነው። ጆሮሽ እዚያ ምን ይሠራል?" አሉኝ። ማዳመጫውን አወረድኩ። "ሥራ ስትጀምሪ ምን ብለሽ እንደማልሽ ሌላ ጊዜ አላስታውስሽም" ብለው ሄዱ። ሲቆጡኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ከተማው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። እኔ ጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ ከስልክ ቤቱ በር ሆኜ ነው ያየሁት። ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ አመለሸጋ ነጭ ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ስትዘፍን አየኋት። ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ።

ማክሰኞ እነግረዋለሁ። ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ነገርኩት።

እንደ ወትሮው ወደ መስኮቱ መጣና "ስንት ሆነ?" አለኝ። "ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ጋ ጠብቀኝ" አልኩት። ደንገጥ አለ፤ ግን ሌላ ነገር የጠበቀ ይመስላል፣ ኮሌታውን አስተካከለ።

ስደርስ ድልድዩን ተደግፎ ልብስ የሚያጥቡትን ያያል። አጠገቡ ቆምኩ።

"ዋጋው ሃያ አንድ ከሃምሳ ነው" አልኩት።

"ሳምንት ሃያ አምስት ከሃምሳ አላልሽኝም?"

"ዋሽቼህ ነው። ከታኅሣሥ አሥራ ሁለት ጀምሮ እየዋሸሁህ ነው። ሃያ አምስት የገባው ያን ዕለት ነው።"

ታችኛው ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት አንሶላ ጨምቃ እስክታሰጣ ድረስ እሷን ያይ ነበር።

"የጊንጪው ሰውዬ ሲመጣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ቤትሽ ማር ይዤ የመጣሁ ዕለትስ?"

"አውቅ ነበር።"

"ቶሌ" አለ። እሺ ማለቱ ነው፤ ሲናደድም እንደሚለው ግን ዛሬ አወቅሁ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ሳልደብቅ ልጻፍ። ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ "ግን እኮ ሁዳዴ አራት ሳምንት ነው የቀረው። እስከዚያ ብንጠብቅ ይነሣል" አልኩት። አፌ ነው ያለው፤ እኔም ሰማሁት።

ዞሮ አየኝ። አልጮኸም። "ሸዋገነት፣ ዛሬ አንድም ኩንታል ባይኖረን፣ ብሩ ግን በእጅሽ ቢሆን፣ በሃያ አንድ ከሃምሳ ኑግ ትገዢ ነበር?"

አሰብኩ። እውነቱን አሰብኩ።

"አልገዛም።"

"ታዲያ የማትገዢውን ለምን ትይዣለሽ?"

ከዚያ ነገ ጠዋት ጉደር እንድመጣ ነገረኝ። ስንገዛ ሁለታችን እንደቆምን ስንሸጥም ሁለታችን እንቁም አለ። ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ሆዴ ግን ከወር በላይ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። እሱን አሳዝኜ እኔ ይቀለኛል?

ጥር 14፣ ረቡዕ

ተሸጠ። አንድ የአዲስ አበባ መኪና በሃያ አንድ ከሃምሳ ጫነው። አቶ ከበበውን የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ተሸካሚዎቹ ከረጢቱን እየቆጠሩ ሲያወጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አርባ ስምንተኛው ላይ አንድ ከረጢት ተቀደደና ኑጉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሞቱማ ተንበርክኮ በእጁ ሰበሰበው፤ እኔም ተንበረከክሁ። አላየኝም፣ ግን ሂጂም አላለኝም።

ኪሳራው ሦስት መቶ ዘጠና ብር ነው። ሃያ አምስት ላይ ብንሸጥ ኖሮ የምንከስረውን እኩል እንካፈል፣ ከዚያ በታች ያለው በእኔ ምክንያት ስለሆነ እኔ ልቻለው አልኩት። ከድርሻዬ ከስድስት መቶ አርባ አምስቱ ብር መቶ አምስቱን ቆጥሬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ብሩ ይቅር ባለማለቱ ደስ አለኝ፤ ይህን ቢለኝ ኖሮ ከእኔ ጋር ጨርሷል ማለት ነበር። ወይም እኔ እንዲያ አስቤ ይሆናል።

የቀረኝ አምስት መቶ አርባ ነው። መኪናው ሲሄድ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሰፊ መሰለኝ። ሞቱማ መጥረጊያ አንሥቶ መጥረግ ጀመረ።

ማታ ለአመለሸጋ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ስልኩንም ጭምር። አልጮኸችብኝም። "ለእኔ ያስቀመጥሽው ከሆነ ለምን አልጠየቅሽኝም?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሞቱማ አልመጣም። አመለሸጋም አታናግረኝም፤ "ጨው አቀብዪኝ" ብቻ።

ጥር 18፣ እሑድ

አመለሸጋ ጠዋት ወረቀት ይዛ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ለትምህርት ቤቱ የሚያስፈልጋትን ጽፋለች። አዳሪ ትምህርት ቤት ስለሆነ ምግብና መኝታ አለ። ልብስ፣ ጫማ፣ አንሶላ፣ መሳፈሪያ። ደመርነው። አምስት መቶ አርባው ይበቃታል፣ ትንሽም ይተርፋል። "ያኔ ብትጠይቂኝ ደግሞ ንግጂበት እልሽ ነበር" አለችኝ። ሁለታችንም መሳቅ አልፈለግንም፣ ግን ሳቅን።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሞቱማ መጣ። እንደ ሰው ሁሉ ሰልፍ ይዞ፣ እንደ ሰው ሁሉ ቁጥር ሰጥቶኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ደወለ። ዋጋ ከእኔ አይጠይቅም ማለት ነው። መስመሩን አገናኘሁና ማዳመጫዬን አወረድኩ። ሦስቱ ደቂቃ አላልቅ አለኝ። ስለ ምን እንደሚያወራ ማወቅ እንዴት እንደፈለግሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወልኩ፣ ደግሜም ወለወልኩ።

ሲከፍል "አመሰግናለሁ" አለኝ። መልሱን ተቀብሎ ሄደ።

ከአቶ ከበበው ቁጣ ወዲህ የማንንም ጨዋታ አልሰማሁም። አሥራ አምስት ቀኔ። ጠዋት ጠዋት ግን ጆሮዬ ይበላኛል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኦቦ ፈይሳ መስኮቱ ላይ ቆመው ከሌላ ነጋዴ ጋር ሲያወሩ "ኑግ ሃያ አምስት ገባ" አሉ። ሰርቄ አይደለም የሰማሁት፤ ጮክ ብለው ነው ያወሩት።

ሃያ አምስት። አንድ ወር ብንቆይ። ምሳዬን አልበላሁም። ወረቀት ላይ ስደምር ስቀንስ ዋልኩ።

ኦቦ ፈይሳን "አልቆጨዎትም?" አልኳቸው።

"ሆዴን ይቆጨዋል" አሉኝ። "እጄ ግን ዳግም ቢሆን ይሸጣል። የሸጥኩ ዕለት የማውቀውን ነው የሠራሁት።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደግሞ ላስመልሰው ብለሽ ዛሬ እንዳትገዢ" አሉ። እንዴት እንዳወቁብኝ አላውቅም። አምስት መቶ አርባው የት እንዳለ እያሰብኩ ነበር።

ቤት ስገባ ገንዘቡን አውጥቼ ለአመለሸጋ ሰጠኋት። "አንቺ ያዢው፣ ብጠይቅሽም እንዳትሰጪኝ" አልኳት።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ኑግ ሃያ ሁለት ተመለሰ። ሞቱማ ነው የነገረኝ፣ ደውሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ሳልጠይቀው። "ገዝተሽ ነበር?" አለኝ። "አልገዛሁም" አልኩት። "እኔም ጓጉቼ ነበር፣ ተውኩት" አለና ፈገግ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ያላየሁት ጥርሱ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሞቱማ ቤት መጣ። እንጭኒ ገበያ ስንዴ አለ፣ አሥራ አምስት ኩንታል አብረን እንግዛ አለኝ። ከዚያ በላይ አይሆንም። እኔ ያለኝ የዚህ ወር ደመወዝ ትራፊና ከድሮ የተረፈች ጥቂት ብቻ ነው አልኩት፤ የእህቴን አልነካም። "ያለሽን አምጪ፣ እንደ አመጣሽው እንካፈላለን" አለ።

"ለምን ከእኔ ጋር?" አልኩት። "ዋሽቼህ ነበር።"

የተሰፋውን ክርኑን እያሻሸ፣ "ሌላ ሰው ዋሽቶኝ ድልድይ ድረስ ጠርቶ ነግሮኝ አያውቅም። ራሴ ነኝ ሁልጊዜ የምደርስበት" አለ። "ዋጋውን ግን እኔ ራሴ እጠይቃለሁ። አንቺ እንዳትሰሚ።"

"አልሰማም። ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ።"

"አውቃለሁ። ስደውል እኮ አይሻለሁ።"

አመለሸጋ ከጓዳ ሆና ሳል ሳል አለች። ጉንፋን የላትም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

አሥራ አምስት ኩንታል ስንዴ፣ ኩንታሉን በሃያ ብር፤ ሲሶው የእኔ ነው። ምክንያት፤ ዘር ሊዘራ ሲል ስንዴ ይወደዳል ብለን። አሥራ ዘጠኝ ከገባ እንሸጣለን። በአውቶቡስ መስኮት በኩል የገባው አቧራ ፀጉሬን ነጭ አደረገው፣ ሞቱማ አሮጊት ብሎ ጠራኝ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሞቱማ ማልዶ ስልክ ቤት መጣና ደወለ። መስኮቱ ላይ ተመልሶ "አሥራ ዘጠኝ" አለኝ። የበልጉ ዝናብ ጥሩ ስለሆነ ስንዴ ያስቀመጠ ሁሉ እያወጣ ነው።

"ተሳስተናል" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንዲህ በቀላሉ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ።

የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ የጠዋቷ ተረኛ እስክትተካኝ ብቻ ጠብቄ አብረን በመኪና ሄድን። እንጭኒ ስንደርስ ገበያው ገና አልሞቀም። አንድ ዳቦ ጋጋሪ በአሥራ ዘጠኝ ሁሉንም ወሰደው። ከሰላምታው እስከ ጭነቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። የከሰርነው አሥራ አምስት ብር ነው፤ የእኔ ድርሻ አምስት ብር።

ከዚያ ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝን። ሁዳዴ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥብስ አልበላሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው፣ መነጋገር አልቻልንም፣ ዝም ብለን በላን። ዝናቡ ሲያባራ ሞቱማ እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጠ።

"እናቴ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ" አለኝ። "ሁለት ጊዜ አብራህ የከሰረችው ሴት ማን ናት፣ ልያት አለች።"

"ምን አልካቸው?"

"ሦስተኛውንም ከእሷ ጋር ነው የምሠራው አልኳት።" የውኃውን ብርጭቆ አዞረው። "የሳምንት እሑድ ጉደር ትመጫለሽ? እናቴ አማርኛ ብዙም አትሰማም።"

"ኦሮምኛዬን ታውቀው የለ?"

"አውቀዋለሁ። እሷም ትስማው ብዬ ነው።"

እመጣለሁ አልኩት። የሳምንት እሑድ ተረኛ መሆኔ ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሰኞ አቶ ከበበውን እንዲቀይሩኝ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱን ከጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ለአመለሸጋ ስነግራት ዘላ ተነሣች። ይህን ስጽፍ ሰማያዊ ቀሚሴን እየተኮሰችልኝ ነው። ገና ስምንት ቀን አለ ብላትም አልሰማችኝም።